ያልተዘራው መደብ

ከተማችን ውስጥ እትዬን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ አትክልት የማይበላ ሰው ነው። እንዲህ እንድትታወቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ድሮ እኮራበት ነበር። አሁን ይህን የማስቀድመው ግን ጥፋቱን በሌላ ሰው እንዳላላክክ ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በመድኃኒት ቤቱና በዳቦ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች አንድ ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ሰባት መስቀያ፤ ሌላ የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አይዘረጋም፣ የእትዬ ሳጥኖች ይደረደሩበታል። መቶ ሃያ ቤተሰብ ከጠዋት ጀምሮ እየመጣ የየራሱን ይወስዳል። ካሮቱ አፈሩን፣ ሰላጣው ጤዛውን እንደያዘ ነው። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ በዕድሜዬ አንዲት ፍሬ ዘርቼ የማላውቀው ሰው፣ ለመጣ ለሄደው ስለ አፈር እሰብካለሁ።

እትዬ ገበሬ ልሁን ብላ አልተነሳችም። በወጣትነቷ ትልቁ ከተማ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት መቁረጫው ላይ ትሠራ ነበር። ወረቀቱን ከምራ፣ ጠርዙን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ስታስተካክለው አንዱ ከሌላው አይበልጥም ነበር ይባላል። ዛሬም ሰላጣ ስትደረድር እጇ ያን ሥራ አልረሳም። አባቷ ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ሲሰበር "ለአንድ ክረምት ብቻ" ብላ ወደ እርሻው መጣች። ሻንጣዋን እንኳ አልፈታችውም፤ ግማሹን ልብስ እንደታጠፈ ትታ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። ወንድሟ አግብቶ ሄዷል፣ ታናሽ እህቷ ገና ተማሪ ናት፣ ታዲያ ማን ይቅር? አባትየው አልጋ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረ። አንዱ ክረምት ሌላውን እየጎተተ፣ ይኸው ሃያ ስድስት ሞላ።

አባቷ እንደሞተ ወንድሟ መሬቱን ለብሎኬት አምራች እንሽጠው አለ። እሷም እሺ አለች። ይህን እሺታ ከመካከላችን የሰማ የለም። እኛ የሰማነው "ወንድም ተብዬው እህቱን ከመሬቷ ሊነቅላት ነው" የሚለውን ነው። ማን አለ ብትሉኝ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ሱሪ እየተኮስኩ ለነርሷ ነገርኳት፤ ነርሷ ለመምህሩ፣ መምህሩ ለዳቦ ቤቱ ባለቤት። በሦስት ቀን መቶ ሃያ ቤተሰብ መሬቱ አይሸጥ ብሎ ፈረመ። አፍንጫችን ሥር የሚያርስ ሰው እያለ ልጆቻችን ከየት እንደመጣ የማናውቀውን እስከ መቼ ይበላሉ ተባለ። እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው። ነገሩን የሚያከብደውም እሱ ነው። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ገባን፣ ዐርብ ወረቀት ይዘን ወጣን። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እያረሰው እስካለ ድረስ መሬቱ አይሸጥም፣ ለሌላ ሥራም አይውልም ይላል።

ሠላሳ ያህል ሰው ሆነን በእግር ሄድን። እትዬ ደጃፏ ላይ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ ሽንኩርት ታጸዳለች። መምህሩ ጉሮሮውን ሞረድ አድርጎ ወረቀቱን አነበበላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"የደስታ እንባ ነው" አለች ነርሷ።

እኔም ሆዴ ባብቶ አብሬ አለቀስኩ። እትዬ በምን እንዳለቀሰች ለመጠየቅ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወደደች። መወደድ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በየመደቡ ጫፍ የየቤተሰቡ ስም የተጻፈበት እንጨት ተተከለ። እሑድ እሑድ ልናርምላት እንሄዳለን፤ ከአረሙ ጋር የካሮቱን ቡቃያ ግማሽ ነቅለን፣ ወገባችንን ይዘን፣ እየተመሰጋገንን እንመለሳለን። ሰኞ ብቻዋን መልሳ ትዘራዋለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ስሟም ተለወጠ፤ ትልቁም ትንሹም "እናታችን" ይላት ጀመር። ሳትወልድ የመቶ ሃያ ቤት እናት ሆነች። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ ጎብኚ ደብተሩን ዘርግቶ "ከአትክልቱ ጋር ያወራሉ ይባላል፣ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"እነሱ እኮ ምንም አይጠይቁኝም" አለችው። ሰውየው አጎንብሶ ጻፈው፣ ከሥሩም አሰመረበት።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቷ ደወለችላት። ትልቁ ከተማ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የመጽሐፍ መጠረዣ ሱቅ ከፍታ፣ ሥራው ከአቅሟ በላይ ሆኖባታል። "እትዬ፣ እንዳንቺ ወረቀት የሚቆርጥልኝ ሰው አጣሁ። ከሱቁ በላይ አንድ ክፍል አለ፣ መስኮቱ መንገዱን ያሳያል። ክረምቱ እስኪገባ ለማንም አላከራየውም" አለቻት። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ቢኖር፣ ሳጥኖቹን ስታወርድ ለራሷ ስታፏጭ ነው። እትዬ ስታፏጭ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ታዲያ እሄዳለሁ አትልም ነበር ወይ? እንዴት ትበል። መሬቷን ያስጣልንላት እኛ፣ ስትታመም ሾርባ ያመላለስንላት እኛ፣ ጣሪያዋ ሲያፈስ ቆርቆሮ ተሸክመን የሄድን እኛ። ይህን ሁሉ ውለታ ፊት ለፊት አስቀምጦ "በቃኝ" ማለት ለእሷ ዓይነት ሰው ከማረስ ይከብዳል። ስለዚህ በአፏ ሳይሆን በእጇ ልትነግረን ወሰነች። ከቤቷ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን መደብ ሳትዘራው ተወችው። ገበሬ ደጃፉን ሳይዘራ ሲቀር፣ ሊሄድ መሆኑን ማንም ያውቃል ብላ ነው። ገበሬ ቢያየው ያውቅ ነበር። እኛ ግን አትክልት የምንወድ የከተማ ሰዎች ነን።

"መሬቱን እያሳረፉት ነው" አለ መምህሩ፣ ባዶው መደብ ዳር ቆሞ፣ ድምፁን እንደ ጸሎት ቤት ዝቅ አድርጎ። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቹን አምጥቶ በአረሙ ውስጥ ስንት ዓይነት ነፍሳት እንዳለ አስቆጠራቸው። ሱቄ በር ላይ ስለ መሬት እረፍት አንድ ገጽ ተለጠፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት የዳር ከተማ ገበሬዎች ያን አንብበው መደባቸውን ባዶ አደረጉ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

እትዬ ቀጥላ ቲማቲሙን ውሃ ማጠጣት ተወች። ይደርቅና ያኔ ይገባቸዋል ብላ ነው። ቲማቲሙ አልደረቀም፤ አነሰና ጣፈጠ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንዱን ገምጦ ዓይኑን ጨፈነ፣ "እናታችን ዘንድሮ ደግሞ ምን አደረጉት?" አለ። በዚያ ሳምንት ብቻ አርባ ቤተሰብ እንመዝገብ ብሎ መጣ።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ማክሰኞ ሻንጣውን ይዛ ሱቄ የገባችው። ቡናማ ሸራ ነው፣ ዚፑ ዝጎ ጥርሱ ረግፏል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ዚፕ ቀይርልኝ። ጠንካራ ይሁን።"

"ወዴት ነው እትዬ?"

"ቀይረው ብቻ።"

የአሮጌውን ዚፕ ስፌት በምላጭ መፍታት ጀመርኩ። ዝም አልኩ። ልብስ ሰፊ ዝም ካለ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ይህን ሙያው አስተምሮኛል። ስለ እህቷ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ወረቀት መቁረጫው፣ ስለ ባዶው መደብ፣ ሁሉን ነገረችኝ። ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ታዲያ ያኔ ወረቀቱን ያመጣን ቀን . . ."

"ሻንጣዬን አውርጄ ነበር" አለች። "አልጋው ላይ ነበር። እናንተ ስትመጡ ልብሴን ማጣጠፉን ትቼ ነው የወጣሁት። ሽንኩርቱን ያነሳሁት እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። የሰጠሁት ስጦታ ፊቴ ላይ የተጣለ መሰለኝ።

"መሬቱን ይህን ያህል ትጠይዋለሽ?"

"አልጠላሁትም። የጠላሁት ሁሉም ሰው ትወደዋለች ብሎ መደምደሙን ነው።" እጆቿን አየቻቸው። "ጎመን ተከልኩ ብዬ እኮ አብሬው ሥር የሰደድኩ መሰላችሁ። አንተ ጨርቅ ትቆርጣለህ፣ ጨርቅ ነህ?"

በዚያ ሳቅን፣ ንዴቴም ወጣልኝ። እሑድ ስብሰባው ላይ እኔ እንድናገርላት ለመነችኝ። እሷ ከጀመረች እንደምታለቅስ፣ ካለቀሰች ደግሞ ነርሷ ደስታ ነው እንደምትል ታውቃለች። ቃል ገባሁላት። ዚፑንም እንደ ነፍሴ ሰፋሁት፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ።

እሑድ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አርባዎቹ አዲስ ቤተሰቦች ከፊት ተቀምጠዋል፣ ልጆቻቸው ጭን ላይ ናቸው። እትዬ ከጎኔ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ተነሳሁ። አልኩትም።

"እትዬ መሄድ ትፈልጋለች።"

ነርሷ ወደ እኛ ዞረች። ክፋት የላትም፣ ሰው የምትወድ ሴት ናት። "ምነው፣ ደከሙ እንዴ? ለስንት ቀን ነው?" አለች።

እትዬ ወደ እኔ ቀና አለች። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅብኝ። በዚያች ቅጽበት ግን የታየኝ የእሷ መስኮት አልነበረም። የታየኝ የእኔ ጠረጴዛ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባዶውን። ማንም "ሰፊው፣ የዘንድሮ ሰላጣ እንዴት ነው?" ብሎ የማይገባበት ሱቅ። የሱሪ እግር የሚያሳጥር አንድ ሰው፣ ሌላ ምንም ያልሆነ። ፈራሁ።

"ለሳምንት" አልኩ።

አዳራሹ እፎይ አለ። መምህሩ ወዲያው ተራ አወጣ፤ ሰኞ እነ እገሌ፣ ማክሰኞ እነ እገሌ። አንዲት እናት "ሳምንት አይበቃቸውም፣ ዐሥር ቀን ይሁን" አለች፣ ሰው አጨበጨበላት። እትዬ አላጨበጨበችም፣ አልተቆጣችምም። ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ ተከለችው።

ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። እኛ በፍቅር ሠራን። መምህሩ መሬቱ በቂ ዕረፍት አግኝቷል ስላለ፣ ስትመለስ ደስ ይበላት ብለን ባዶውን መደብ ቆፍረን ችግኝ ሞላነው። አራቱን ረድፍ የተከልኩት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጥልቀቱን በሜትሬ ለካሁ።

አትመለስም ብዬ ነበር። ማታ ማታ እንዳትመለስ እመኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እንድትመለስ። በስምንተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣች። ባለተራዎቹ ወደ ምሳ ሄደው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደጃፏ ላይ ስትደርስ መደቡን አየችው። ችግኙ በፀሐይ አንገቱን ደፍቷል፤ በዚያ ሰዓት እንደማይተከል ማን ያውቃል። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች፣ ጎማውን ከቧንቧው ጋር አያያዘች፣ ማጠጣት ጀመረች። ሰላም ያለችኝ አንድ ረድፍ ከጨረሰች በኋላ ነው።

"እህትሽስ?"

"ደህና ናት። ክፍሉን አከራይው ብያታለሁ።"

"እትዬ፣ መቅረት ትችይ ነበር እኮ።"

"በሌባ መንገድ?" ጎማውን ወደ ቀጣዩ ረድፍ አዞረች። "ለሳምንት ብሎ ወጥቶ የሚቀር ሰው መቶ ሃያ ቤት ከድቶ ነው የሚቀረው። ፊት ለፊት ተነግሮ ቢሆን ግን ያኮርፉ ነበር፣ ከዚያ ይረሱኝ ነበር። አንድ ቃል ነው የጎደለው። እሱም አንተ ጋ ነበር።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። "ችግኙን ረገጥከው" አለችኝ። እውነትም ረግጬዋለሁ።

ቅዳሜ ሳጥኖቹን ስታመጣ ሻንጣውን ከላያቸው ጭናው መጣች። ባዶ ነው። "ቤት ውስጥ ሳየው ያናድደኛል፣ አንተ ጋ ይቀመጥ" አለችና ሰባተኛው መስቀያ ላይ ራሷ ሰቀለችው። ከሥሩ ካሮቱን ደረደረች፣ ጠርዙን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስተካከለችው።

አሁንም እዚያው ነው። ከመቶ ስድሳው ቤተሰብ አንዱ ሳጥኑን ሲወስድ ቀና ብሎ ያየውና "የማን ነው ይሄ ሻንጣ?" ይለኛል።

"የደንበኛ ነው" እላለሁ፣ "ዚፕ ቀይሬለት ነው። ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።"