ወለቴ ላይ የወረድንበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት ከልጄ ከሊያ ጋር ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። የሐኪም ቀጠሮ ነበረን።

ሊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። የምትናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱን የምትለው ወለቴ ስንደርስ ነበር። አክስቷ ድሮ እዚያ ትኖር ስለነበር ባለፍን ቁጥር «ወራጅ አለ!» ትል ነበር።

ራሷን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ስትጀምር መድኃኒት ታዘዘላት። ማጋጨቱ ቆመ... ቃላቱም አብረው ጠፉ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሳ በሌላ ቀየረችው። ከቀየረችው ሦስት ሳምንት ሆነን። አንድም ቃል የለም።

አጠገባችን የተቀመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ሊያን አየት አደረጓት።

«ዋቃ ይመስገን! ዝም አለችልህ እኮ። አሁን አረፍክ።»

«አዎ፣ ኦቦ» አልኩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ድምፅዋ ናፈቀኝ ብል ማን ይረዳኛል?

ዓለም ገናን አለፍን። ሊያ በመስኮት ታያለች። ወለቴ ስንቃረብ...

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ ዳር ያዘ። በሩ ተከፈተ። የተነሳ ሰው የለም።

«ማነው ወራጅ?» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አለ!» አለች ሊያ ደግማ። ብዙ ቀን ሳይወጣ የቆየ ድምፅ ስለሆነ ሻክሯል።

«ኧረ በፈጠራችሁ ውረዱ ወይ ዝጉ፤ ሥራ ረፈደብን!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አይዞህ ልጄ... ተመልሶ መጣባት፣ አይደል?»

ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ።

«እኛ ነን ወራጆቹ» አልኩና እጇን ይዤ ወረድኩ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ እናቷ ጋ ደወልኩ። ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ፈረቃ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ያስረክባሉ። ጠራ፣ ጠራ... ዘጋሁት። እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ሊያ ‹ወራጅ አለ› አለች!»

«እሺ... ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወረድን።»

«ቤት ደረሳችሁ ማለት ነው?»

«አይ... ገና ነን።»

ይህንን የምጽፈው የሐኪሟ በር ላይ ወረፋ ይዤ ነው። እናቷ ከፈረቃ እስክትወጣ ብዙ ሰዓት ይቀራል፤ እስከዚያ እናንተ ስሙልኝ።