ብረት ያዝ፣ እንጨት ያዝ

አንድ ሰው መድረክ ላይ ሁለት ጊታር እያቀያየረ ሲጫወት አይታችሁ ካደነቃችሁ፣ እኔን ስላላያችሁ ነው። እኔን ያየ ሰው መጀመሪያ ያዝንልኝ፣ ቀጥሎ ይስቅብኝ ነበር። አንደኛው ጊታር ሁላችሁም የምታውቁት፣ በማንገቻ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመው የሚመቱት ነው። ሌላው ስቲል ጊታር ይባላል። ጭን ላይ ይጋደማል፤ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ከፍ ስለሚሉ በጣት አይጫኑም፤ በግራ እጅ የያዙትን ብረት ነው ላያቸው ላይ የሚያንሸራትቱት። ትዝታ ሲመቱበት እንደ ሰው ያለቅሳል። ማስለቀሱን እችልበት ነበር፤ ያቃተኝ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሳቱ ነው።

ስቲል ጊታሩ እጄ የገባው በወተት ምክንያት ነው። ቦሌ ቪላ ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ አብዮቱ ሲግል ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ መያዝ ያልቻለውንም ዕቃ ወተት ያመጡለት ለነበሩ የቡልቡላ ገበሬ ተወላቸው። ለእኛም ወተት የሚያመጡት እሳቸው ነበሩና፣ አንድ ጠዋት ጊታሩን አህያቸው ላይ ከወተቱ ጎን ጭነውት መጡ። "ይሄ ነገር የልጅሽ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም" ብለው ለእናቴ ሰጧት። ማንሸራተቻው ግን አብሮት አልነበረም። ድራም የሚመታው ጓደኛዬ ቀን ቀን ጋራዥ ይሠራ ስለነበር፣ ከአሮጌ ፒስተን ውስጥ የወጣች ጣት የምታህል ድቡልቡል ብረት አመጣልኝ። ለስላሳ ናት፣ ከባድ ናት፣ ልክ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን "ብረት" አልናት፤ በቆምኩበት የምመታውን ጊታር ደግሞ "እንጨት"። አበስኩ ገበርኩ! ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?

የምንጫወተው ወደ አየር ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት ጭፈራው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሆነው። አለቃችን ሳክስፎን የሚነፉ፣ ጠና ያሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው አንድ ዘፈን አቀናበሩና መከራዬ ተጀመረ። ሲጀመር ቆሜ በእንጨቱ እመታለሁ፤ መሀል ላይ ትዝታው ሲገባ ተቀምጬ ብረቱን እይዛለሁ፤ መጨረሻ ላይ ጭፈራው ሲሞቅ እንደገና ብድግ እላለሁ። "ቀላል ነው" ይሉኛል ጋሼ። ለሳክስፎን ነፊ ምን ይከብደዋል! እሱ አንድ አፍ፣ አንድ ዕቃ።

ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። እንጨቱን ወደ ጀርባዬ ስገፋው የዘፋኛችንን ክንድ መታሁት። ብረቷን ኪሴ ባደርጋት ኪሴ ቀዳዳ ኖሮ፣ በሱሪዬ ውስጥ ቁልቁል ተንሸራትታ ጫማዬ ላይ አረፈች። በጥርሴ ብይዛት ደግሞ ተቀባይም እኔው ነኝና፣ ዘፋኙ "ሆዴ" ሲል እኔ "ምምምም" እላለሁ። ከታች የተቀመጡት ሰዎች ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው ከንፈር መጠጡልኝ።

በመጨረሻ ድራመሩ መላ አመጣ። የመቀያየሪያው ሰዓት ሲደርስ እሱ ሊጮህልኝ፣ እኔ ሳላስብ ልታዘዝ። እኛ ቤት ሰርቪሱ ውስጥ ከጋሼ ጋር ሦስታችን ተዘግተን ልምምድ ጀመርን። ከአጥር ወዲያ የሚኖር አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ነበር፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትል ተረት ከአፉ የማትጠፋ። ሙዚቃው ረበሸኝ ብሎ ከአንዴም ሁለቴ ስለገሰጸን፣ ሰውዬውን ላለማስቀየም ብለን መቀያየሩን ብቻ ያለ ሙዚቃ፣ በዝምታ እንለማመድ ጀመር። በዝምታ ስል፣ ከድራመሩ አፍ በስተቀር ማለቴ ነው።

"ብረት ያዝ!" ይላል። እቀመጣለሁ። "ጣል! እንጨት ያዝ! ዘገየህ! እንደገና ብረት ያዝ! ኧረ ፍጠን አንተ፣ በዚህ አያያዝህ እሁድ ሆቴሉ ሰው ሲሞላ ሁላችንንም ልታስፈጀን ነው!" ጋሼም ከጥግ ሆነው "አትደንግጥ ልጄ፣ ብረት የያዘ ሰው አይደነግጥም" ይሉኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከአጥር ወዲያ ሆኖ የሚሰማ ሰው አስቡ። ከተማው በሙሉ አሰሳ ላይ ነው። ብረት ማለት ያኔ ሽጉጥ ነው፣ ጠመንጃ ነው፤ ብረት ያዘ ማለት ሸፈተ ማለት ነው። ያ ጓድ ጥርጣሬ ሲያምረው የኖረ ሰው፣ ጥርጣሬው በእግሩ ቤቱ ድረስ መጣለት።

በማግስቱ እንደተለመደው ተዘግተን ሳለ በሩ ተበረገደ። እሱና ሌሎች ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ገቡ። ሁለቱንም ጊታሮች በኤግዚቢትነት ተሸከሙና "ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጋላችሁ፣ አሁን ትመለሳላችሁ" አሉን። ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜን የወሰዱት በዚችው ቃል ነበር፤ ለጥቂት ጥያቄ። እስከዚያን ቀን ድረስ አልተመለሰም፣ የት እንዳለ የነገረንም የለም። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላችን መከተል ብቻ ጀመረች፤ ከቀበሌው በር ላይ ሲመልሷት ዞራ መስኮቱ ሥር ቆመች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል።

"ብረቱን አውጣ" አለኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ጥበቃዎቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ብረት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ብረትነቱንማ አየሁት! ሌላውስ የት አለ?"

"ሌላው እንጨት ነው።"

"ትቀልዳለህ?"

እውነቱን ብናገርም ለራሴም የምቀልድ መሰለኝ። ጋሼ ጣልቃ ገብተው ነገሩን ከወተቱ ጀምሮ እስከ ፒስተኑ አስረዱ። ሊቀመንበሩ ጊታሮቹን በጣቱ ቆጠረ። "ታዲያ በአንዱ ብቻ አይጫወትም? ለአንድ ሰው ሁለት ጊታር! ይሄ ራሱ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው" አለ። ቀጠለና፣ "እሺ፣ አሳዩኝ። እንዳላችሁት ካቀያየራቸው ትሄዳላችሁ። ካልሆነ ለበላይ አካል ነው የማስተላልፋችሁ።"

ለበላይ አካል የተላለፈ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። እኔ ደግሞ ያን መቀያየር በሕይወቴ አንድም ቀን በትክክል ሠርቼው አላውቅም። የሦስት ሰው ነፍስ በእኔ በዝርክርኩ እጅ ላይ ወደቀች። ወይ ጣጣ!

ወንበር ሰጡኝ። ስቲሉን ወንበሩ ሥር፣ ብረቷን ከጠረጴዛው አንስቼ ያልተቀደደው ኪሴ አደረግሁ። ድራመሩ የቀበሌውን ፋይል ሳጥን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ሳክስፎን ስለሌለ ጋሼ በአፋቸው ይነፋሉ። እኔ ቆሜ በእንጨቱ ገባሁ። ትዝታው የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ድራመሩ ግን ጭጭ። ያቺን ቃል ጠመንጃ በያዙ ሰዎች መሀል እንዴት ይጥራት? ዓይኑን ብቻ አጉረጠረጠብኝ። እኔ ደግሞ ካልተጮኸብኝ አልንቀሳቀስም፤ እንደዚያ ነው የሠለጠንኩት። ጋሼ ዘፈኑን አዙረው ከመጀመሪያው አመጡት። እንደገና ደረሰ፤ እንደገና አለፈ። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። ሦስተኛው ዙር ላይ ድራመሩ ነፍሱ አልቻለችም። ዓይኑን ጨፍኖ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ "ብረት ያዝ!" ብሎ አምባረቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በሩ ላይ የነበሩት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ጎረቤታችን ወለሉ ላይ በደረቱ ተዘረጋ። ሊቀመንበሩ ከነክብሩ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እኔስ? እኔ ተቀምጫለሁ። እንጨቱ ጀርባዬ ላይ ነው፣ ስቲሉ ጭኔ ላይ ነው፣ ብረቷ ክሩ ላይ ናት። መቼ ከኪሴ እንደወጣች አላውቅም። ማቆም ስለፈራሁ ትዝታውን መታሁት። ማንም አልተኮሰም። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ተጫውቼም አላውቅ፤ አድማጬ ግን ከጠረጴዛ ሥር ነው።

ጨረስኩ። ሊቀመንበሩ ቶሎ አልወጣም። ሲወጣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ኮቱን ቆለፈ። "ሂዱ" አለ። በሩ ጋ ስንደርስ፣ "ቃሏን ግን ቀይሯት!" ብሎ ጮኸብን። እሁድ ሆቴሉ ውስጥ ድራመሩ የጮኸው "ማንኪያ ያዝ!" ብሎ ነው፤ አስተናጋጁ ማንኪያ ይዞ መጣ።

ከቀበሌው ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ሳቅ ጀመራት። በመስኮቱ ሁሉንም አይታለች። የሊቀመንበሩን አገባብ ጎንበስ ብላ እያሳየች ትስቃለች፤ ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ጥርሷን ያየነው ያን ቀን ነው። ጋሼ ሳቁ፣ ድራመሩ ሳቀ፣ እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቤታችን ልንደርስ ስንል እሷ ቆመች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ገና አልጠፋም።

"ወንድምህ እኮ ምንም መጫወት አይችልም" አለችኝ። "ምን አሳይቷቸው ይመጣል?"