ቅስቱን በክር የለካችው መምህርት

አስቻለች ደሃና ወረዳ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ክረምት በመጣ ቁጥር ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ሰቆጣ ኮሌጅ ትገባለች። በሦስተኛው ክረምት ካልኩለስ ደረሳት።

አስተማሪው ይስማው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ ሰው ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ደንቡን ቁርጥ አድርጎ ነገራቸው።

«የቤት ሥራ በየሦስት ቀኑ አለ። ያረፈደ አልቀበልም። ስልክም ካልኩሌተርም ተጠቀሙ፣ አልከለክልም። ግን መልሱ ከየት እንደመጣ በእጃችሁ ጽፋችሁ ካላሳያችሁኝ ዜሮ ነው።»

በአራተኛው የቤት ሥራ አንድ ጥያቄ መጣ፤ የአንድ ቁጥር ሳይን ለራሱ ለቁጥሩ ሲካፈል፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ እየተጠጋ ሲሄድ ውጤቱ ወዴት ያመራል? ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ተማሪው ሁሉ የሚሠራበት የሒሳብ መተግበሪያ ከአንድ ስልክ በብሉቱዝ የተቀባበለው ነበር። ሁሉም ወደ ዜሮ የሚጠጉ ቁጥሮችን እያስገቡ ውጤቱን በሠንጠረዥ አሰፈሩ፤ ለሁሉም ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ ሰባት ወጣላቸው። ለአስቻለችም እንደዚያው።

እሷን ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከማደሪያው ደጃፍ ተቀመጠች። የባልዲ ክዳን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ አዞረችና መሐሉን ፈልጋ ጠባብ ማዕዘን ሠራች። የልብስ ስፌት ክር አውጥታ ቅስቱን ለካች፤ ከቅስቱ ጫፍ ወደ ማዕዘኑ ታችኛው መስመር የሚወርደውን ቀጥ ያለ መስመርም ለካች። ሁለቱ ክሮች እኩል ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። ማዕዘኑን ይበልጥ ብታጠብበው ልዩነቱ ለዓይንም ጠፋ።

የክፍል ጓደኛዋ ማሬ ከላይዋ ቆማ ታያት ነበር።

«ምን እየሰፋሽ ነው?»

«ቅስቱ ቁጥሩ ነው፣ መስመሩ ሳይኑ። እኩል የሆኑ ነገሮች ሲካፈሉ አንድ ነው የሚሰጡት፣ ማሬ። መልሱ አንድ ነው።»

«አርባው ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ልትሆኚ? ተይ፣ ማርክሽን አታበላሺ።»

አስቻለች ስልኳን አንስታ የሠላሳን ሳይን ጠየቀችው። ግማሽ አለ። ያኔ ገባት። ስልኩ ቁጥሩን በዲግሪ ነው የሚቆጥረው፤ ጥያቄው ግን በራዲያን ነው፣ ማዕዘኑ በቅስቱ ርዝመት በሚለካበት ስሌት። ቅንብሩን ፈልጋ ለወጠችና እንደገና አስገባች። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ እያለ ወደ አንድ ተጠጋላት። ብቻዋን ሳቀች። ከዚያም የመጀመሪያውን የተሳሳተ ሠንጠረዥ ሳትሰርዝ፣ ሥዕሉንና የክሩን ልኬት ጨምራ፣ ስልኩ ለምን እንደተሳሳተ በአንድ ገጽ ጻፈች።

ማክሰኞ ይስማው ወረቀቶቹን ይዞ ገባ።

«አርባ ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት ሠርቷል። አንድ ሰው ብቻ አልሠራም። አስቻለች፣ ማን አገዘሽ?»

«ማንም፣ መምህር። በክር ለክቼው ነው።»

«እስቲ ውጪና አሳዪን።»

ጠመኔ ይዛ ክቡን ሠርታ እንደጨረሰች በራሷ ክፍል የቆመች መሰላት። ከኋላ የተቀመጡት ግራ ሲጋቡ አይታ ወደ ኽምጣንጋ ዞረች፤ ቅስቱንና መስመሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስታስረዳ «አሃ!» የሚል ድምፅ ከጥግ ተሰማ። ይስማው አንድም ቃል ሳይገባው በሩ ሥር ቆሞ ፈገግ ብሎ ሰማት።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ በመጨረሻ፣ «የቤት ሥራ የሚያስረክብ ሁሉ ስልኩ በዲግሪ ይሁን በራዲያን ከላይ ይጽፋል። ደንቡን ያወጣችው አስቻለች ናት።»

ወረቀቷ ሲመለስላት ከአሥር አሥር ነበር፤ ከሥሩም በቀይ «ጎበዝ» ተብሎ ተጽፎበታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በተማሪዎቿ ደብተር ላይ ስትጽፈው የኖረችውን ቃል ደጋግማ አነበበችው። ምሳ ሰዓት ላይ ማሬ ባዶ ወረቀትና የባልዲ ክዳን ይዛ መጣች።

«በይ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አለቻት።

አስቻለች ቦታ ለቀቀችላት።