ኢድሪስ ያላበላሸው ግድግዳ

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ከወሎ አብረውኝ በሰፈራ ለመጡት ዘመዶቼም ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ዓይናችሁን እያየሁ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አልደፍርም።

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን እኔና ኢድሪስ ቀለም ቀቢዎች ነበርን። ኢድሪስ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሰበር ሰበር ያለ፣ ሳቁ ግን ቤት የሚሞላ። አንድ ቢሮ በቀን ሥራ ያሠራን ነበር፤ ከሁለታችን አንዱን ቋሚ ሊያደርጉ እንዳሰቡም ሰምተናል። እሱ የልጆች አባት ነው፣ እኔ ገና ላጤ ነኝ። ሥራው ለኢድሪስ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ቅርም ብሎኝ ነበር። ምን ያስዋሸኛል?

የቢሮውን አዳራሽ በር ወደ ሌላ ጎን አዙረው የድሮውን ደፈኑት። ሽሮ መልክ በተቀባው ግድግዳ መሀል በር የሚያህል አዲስ ልስን ቀረ። እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ ከዙሪያው ጋር አመሳስሉት ተባልን። ቀለሙ ከኖራ ጋር የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ሲደርቅ ይነጣል፤ ስለዚህ እርጥቡ ከግድግዳው ጠቆር ማለት አለበት። ይህን የማያውቅ ቀቢ የለም። ኢድሪስ በጠበጠ፤ ካርቶን ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ አደረቀና ከግድግዳው ጋር አስተያየው። ቁርጥ እሱን ሆነ። ጁምዓ ነበርና ቀድሞኝ ወደ መስጊድ ሄደ፤ እኔ ባልዲውን ልከድን ቀረሁ።

በዚህ መሀል የቢሮው ኃላፊ ብቅ አሉ። ባልዲውን አይተው «ይሄማ ጠቁሯል! ከግድግዳው ጋር ምን አገናኘው?» አሉ። «ሲደርቅ ይነጣል» ማለት ምን ይከብድ ነበር? እኔ ግን «ይስተካከላል ጌታዬ» አልኩ። እሳቸው ዘወር ሲሉ ኖራ ጨመርኩበትና ቀባሁት። ተመልሰው ሲያዩት እርጥቡ ከዙሪያው ጋር አንድ ሆኗል። «ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንደሚነጣ እያወቅኩ ቀባሁት። ምስጋና አማረኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያ ሮጬ ሄጄ ከኢድሪስ ጎን ቆሜ ሰገድኩ። ወይ እኔ!

በማግስቱ ጥገናው ልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ከሩቅ ይታይ ነበር። ኃላፊው ጦፈው «ማነው ይሄን የበጠበጠው?» አሉ። «ኢድሪስ ነው» አልኩ። ውሸት ነው እንዳትሉኝ፣ የበጠበጠውስ እሱ ነበር። እንደዚያ ያለ ክፉ እውነት ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ተናግሬ አላውቅም።

ኢድሪስ «አዎ፣ እኔ በጠበጠ» አለ። ከዚያ ወደ ባልዲው ጎንበስ አለ፤ ገባው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እስክናገር ጠበቀኝ። እኔ ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ። «ኖራ ጨመረ... ሰው» ሲል ኃላፊው ሰበብ አልፈልግም ብለው አሰናበቱት። ቋሚነቱ ለእኔ ሆነ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ኢድሪስን ግን ግድግዳ ያበላሸ እያሉ ሁሉም ሥራ ነሳው፤ ማንጎ እየቸረቸረ ልጆቹን አሳደገ።

ይህ ብቻ ቢሆን ልጅነት ነው እል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሚስቱ ሞታ ለቅሶ ደረስኩ። ምንጣፉ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ልጆቹ ጎርምሰው ከፊታችን ተቀምጠዋል። እጄን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሰይድ፣ የግድግዳው ነገር ለልጆች ንገር። እኔ ብዙ ጊዜ ነገረ፤ አላመኑም» አለኝ።

ምን አልኩ መሰላችሁ? ሳቅ ብዬ፣ «ኧረ ተወው ኢድሪስ፣ የድሮ ነገር!» አልኩት።

ልጆቹ ስለ አባታቸው አፍረው አቀረቀሩ። እሱ እጄን ለቀቀኝ። ዳግመኛም አልጠየቀኝም።

አሁን ኢድሪስ የለም። ይቅር በለኝ ማለት የነበረብኝ እሱን ነው፤ እናንተን ማሩኝ ብል ምን ይጠቅመዋል? ልጆቹ እዚሁ አሶሳ ናቸው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጋሽ ሰይድ» ብለው ጎንበስ ብለው ይጨብጡኛል። አባታቸውን ሥራውን የማያውቅ ሰው ነበር ብለው ቀበሩት። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ሄጄ አልነገርኳቸውም።