ሽቦ ዘርጊዎቹ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጉብታዋ ላይ ስልክ ይግባ የሚል ነበር። ጉብታዋ ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ዛፍ የሚባል ነገር ስላልበቀለባት እኛ «መላጣዋ» እንላት ነበር። ከሻለቃው ማዘዣ ሁለት ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ግን መሬቱ ድንጋይና ፈፋ ስለነበር ሽቦ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ሩቅ ናት።

እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ሰሜን ግንባር፣ የመገናኛ ጓድ ወታደር። ጓዱ ሰባት ሰው ሊኖረው ይገባል። እኛ የቀረነው አራት ነበርን። መሪያችን ሃምሳ አለቃ አስፋው፣ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣው ለማ፣ የእጃጂው ቶለሳ፣ እና እኔ። እኔ አምቦ ነው የተወለድኩት። በወረቀቴ ላይ ግን በከተማዋ ሌላ ስም «ሀገረ ሕይወት» ስለሚል ቶለሳ «አንተ ደግሞ ከየት ሀገር ነህ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሥራችን የጦር ሜዳ ስልክ መዘርጋት ነበር። እጀታው እየተዞረ የሚደወል ከባድ ሳጥን ነው። ሬዲዮም ነበረን። ነገር ግን በሬዲዮ ያወራነውን ከወዲያ ያሉትም ይሰሙታል። በሽቦ የተነገረውን የሚሰማው ሽቦው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ለማ ይህን ማመን ያቅተው ነበር። መነጋገሪያውን ይዞ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እንደሚጣራ ሰው ይጮኻል። «ቀስ በል፣ ሽቦ እኮ አለ» እንለዋለን። ይሸማቀቅና ለሁለት ቀን ያህል በሹክሹክታ ያወራል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን መላጣዋ ላይ አስገባን። ቶለሳ እዚያው ቀረ። ከእሱ ጋር አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። እኛ ሦስታችን ወደ ማዘዣው ተመለስን።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መድፍ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ሞተ። መላጣዋ ላይ የነበረው ሬዲዮ ቀድሞ ተመትቷል። ሦስት ከሃያ ላይ የሻለቃው አዛዥ ትእዛዝ ሰጡ። በመላጣዋ በስተቀኝ ያለው የመከላከያ መስመር ስለተሰበረ እዚያ ያሉት እስከ አራት ተኩል ይውጡ፤ አምስት ሰዓት ላይ የራሳችን መድፍ ጉብታዋን ይመታታል። ይህን ለቶለሳ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ሃምሳ አለቃ አስፋው «ደረጀ፣ ለማ፣ ሽቦውን ይዛችሁ ሂዱ» አለን።

የተቆረጠ ሽቦ የሚፈለገው በእጅ ነው። ሽቦውን በመዳፍህ ውስጥ እያንሸራተትክ ትሮጣለህ፤ ያለቀበት ቦታ ላይ ትቆማለህ፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ትፈልጋለህ። መጀመሪያ የተቆረጠበትን ቦታ ቶሎ አገኘነውና ቀጠልነው። ለማ በያዘው ስልክ ደወለ። ዝም ነው። «ሌላም አለ» አለ፣ እየጮኸ። ሄድን።

ሁለተኛውን የተቆረጠ ቦታ ፈፋው አፋፍ ላይ አገኘነው። ለማ ሌላኛውን ጫፍ ሊያነሳ ሲጎነበስ ሞርታር ወደቀ። እኔን አፈር አለበሰኝ። እሱን ሆዱና ጭኑ ላይ መታው።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

ጎትቼ ድንጋይ ሥር አስገባሁት። ጭኑን በቀበቶው አሰርኩ። ሆዱን በሸሚዜ ያዝኩለት። «ሽቦውን ቀጥል» አለኝ። «እሺ» አልኩት፣ አልሄድኩም። «ደረጀ፣ ሽቦውን» አለ ደግሞ። ያን ጊዜ አልጮኸም። እጄን ካነሳሁ ደሙ ይፈስሳል። እጄን አላነሳሁም። ዓይኖቹ ሲከደኑ ነው የተነሳሁት። ሰዓቴ አራት ከአሥር ይላል።

ሁለቱን ጫፎች በጥርሴ ልጬ ለመቋጠር ስይዛቸው ጣቶቼን ነዘረኝ። ከላይ ቶለሳ እጀታውን እያዞረ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ደስ ያለኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ቋጥሬ ስልኩን አገናኘሁ።

«ቶለሳ!»

«አለሁ።»

«ውጡ። በስተግራ ባለው ፈፋ። አሁኑኑ።»

«ደርሶኛል። ቁስለኛ አለን።»

«ይዛችሁ ውጡ!»

ሰባት ሰዎችና ቶለሳ ወጡ። አራቱ እዚያው ቀሩ። አምስት ሰዓት ላይ መድፋችን ጉብታዋን መታት። ለማ ተመልሼ ስደርስ አልቆ ነበር። ሃምሳ አለቃ አስፋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ማዘዣው ደጃፍ ላይ ሞተ።

ከጦሩ ከተለያየን በኋላ ከቶለሳ ጋር ለብዙ ዓመታት አልተያየንም። እኔ አምቦ ትምህርት ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል ተቀጠርኩ፤ አገባሁ፤ ልጅ ወለድኩ። እሱ እጃጂ አናጢ ሆነ፤ ጫልቱን አገባ። በኋላ እሱም ወደ አምቦ መጣና ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ ከእኔ ቤት ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ቤት ሠራ። እንጠያየቃለን፤ በዓልም አብረን እንውላለን። ስለ መላጣዋ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። አብረን ስንቀመጥ ስለ እንጨት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻችን ነው የምናወራው። እኔ የማነሳው እየመሰለኝ ስንት ቀን ደጁ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ጠበበኝም፣ ሰፋኝም። ልጄ አዳማ ነው ያገባችው። እሁድ እሁድ በሞባይል ትደውላለች። ሌላውን ቀን የማወራው ሰው አልነበረኝም።

አሁን ወደ አሥር ዓመት ይሆነዋል፣ ገበያው አጠገብ ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ ሰው ጋ ማጠፊያ ልፈልግ ገብቼ ሁለት የጦር ሜዳ ስልኮች ብረት ክምር ላይ ተጥለው አየሁ። ከየት እንደመጡ ሰውየውም አያውቅም። እጀታው ይዞራል። ገዛኋቸውና ቶለሳ ጋ ይዤ ሄድኩ። ሳጥኑን ከፈተ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ፣ ዝገቱን ጠረገ። በሳምንቱ ሽቦ ገዝተን በአጥሩና በባሕር ዛፎቹ ላይ እያሰርን ከቤቱ እስከ ቤቴ ዘረጋነው። በየስልኩ ሁለት ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ከተትን። ሄጄ ደወልኩለት። አነሳ።

«ፍተሻ ነው» አልኩ።

«ይሰማል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደውል ነበር። «አካም ኦልቴ?» ይለኛል፤ እንዴት ዋልክ ማለቱ ነው። አንድ ጆሮው መላጣዋ ላይ ተጎድቶበታል። «በሞባይል ሰው ይርቀኛል። በዚህ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነህ» ይል ነበር። ግቢዬ ውስጥ የተከራየው የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ቀን ስልኩን አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ዕቃ ነው» አለኝ።

«ሙዚየም ውስጥ ብደውል ማን ያነሳልኛል?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

አንድ ክረምት ኔትወርክ ጠፋ። ለሳምንታት ሞባይል የሚባል አልሠራም። የልጄን ድምፅ ሳልሰማ አራት እሁድ አለፈ። መምህሩም ቤተሰቦቹ ጋ ሄዶ ነበር። በቀን ውስጥ የምሰማው የሰው ድምፅ የቶለሳን ብቻ ሆነ። ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ ዝናብ እየጣለ፣ የዕለቱን ወሬ ጨርሰን ሊዘጋ ሲል «ቶለሳ» አልኩት።

«አለሁ።»

«አራቱ መቼ ነው የሞቱት?»

የትኞቹ አራት ብሎ አልጠየቀኝም። በቤቱ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ በሽቦው ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «ሁለቱ ጠዋት፣ መድፉ እንደጀመረ» አለኝ።

«ሁለቱስ?»

«አራት ሰዓት ላይ። ትንሽ አለፍ ሳይል አይቀርም።»

ነገርኩት። ለማ እንዴት እንደወደቀ፣ ሽቦውን ቀጥል ሁለት ጊዜ እንዳለኝ፣ እኔ ሃያ ደቂቃ እጄን ሆዱ ላይ ይዤ እንደተቀመጥኩ። የሚቀጠለው ሽቦ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ እንደነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱን አይቼ ቢሆን ኖሮ አልናገረውም ነበር።

የዘጋው መሰለኝ።

«አልዋሽህም» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ደውለህ ቢሆን ሁለቱ ይወጡ ነበር።» ቀጥሎም፣ «ለማ እየደማ ትተኸው ተነስተህ ቢሆን ግን፣ ደረጀ፣ እኔ በየቀኑ ድምፅህን መስማት የምችል አይመስለኝም።»

ዘጋ። እኔም ዘጋሁ።

በማግሥቱ አሥር ሰዓት ሆነ፤ አልደወለም። አሥር ተኩል ሆነ። እጀታውን ይዤ ማዞር አቃተኝ። ከሞቱት ከሁለቱ ሰዎች ጋር ሌሊቱን በሐሳቡ ሲነጋገር እንዳደረ፣ ሐሳቡን እንደለወጠ፣ ልክም እንደሆነ አሰብኩ። ከቤት ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ሽቦው ዝናብ እየተንጠባጠበበት ወደ ማዶ ይሄዳል፤ አልተቆረጠም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደወለ። ሮጬ ገባሁ።

«አካም ኦልቴ?» አለኝ። «ጫልቱ ገበያ ልካኝ ዘገየሁ። ሽንኩርቱ ሁሉ ውኃ ጠጥቷል።»

ስለ ሽንኩርት አወራን። ስለ መላጣዋ ዳግመኛ አላነሳንም። ማንሳት ስለፈራን ግን አልነበረም።

ቶለሳ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ኩላሊቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ስልኩን ባለቤቱ አዴ ጫልቱ አልጋው ራስጌ አድርጋለት፣ እጀታውን እሷ ታዞርለት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ሰዓቱ ስላልሆነ ሳላነሳው ገባኝ። «ኦቦ ደረጀ፣ ና» አለችኝ። ስደርስ እጁን ይዛው ነበር።

ከአርባው በኋላ አዴ ጫልቱ ወደ ልጇ ሄደች። ቤቱን ሌሎች ሰዎች ተከራዩት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አጥሩን ሊያድሱ ሲሉ መጥተው «አባባ፣ ይሄን ሽቦ እንቁረጠው?» ብለው ጠየቁኝ። «አትቁረጡት» አልኳቸው። እኔው ሄጄ፣ ከእሱ ቤት ጀምሬ፣ እየጠቀለልኩ ወደ ቤቴ መጣሁ። የዘረጋ ሰው ነው የሚሰበስበው፤ እንደዚያ ነው የተማርነው። ወንዙ ዳር ሁለት ጊዜ ተቀምጬ አረፍኩ። አሁን ሁለቱም ስልኮች እኔ ጋ ናቸው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ። አንዱን ባዞረው ሌላው አጠገቤ ይጮኻል። አንድ ቀን ሞክሬው ደግሜ አልሞከርኩም።

እናንተ የሰፈሩ ልጆች ስለ ጦርነት ስትጠይቁኝ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። በዚያ ቀን መላጣዋ ላይ አራት ሰዎች ሞቱ። ለማ ፈፋው አፋፍ ላይ ሞተ። ሃምሳ አለቃ አስፋው ማዘዣው ደጃፍ ላይ ሞተ። ስድስት ናቸው። ቶለሳን ከእነሱ ጋር ልቁጠረው ወይ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። አልቆጠርኩትም። እሱ አርጅቶ፣ በቤቱ፣ በአልጋው ላይ ነው የሞተው። ያን ሁሉ ሽቦ የዘረጋነው፣ ሰው እንዲያ እንዲሞት ነበር።