ሾላው ሥር የተቀመጠው ፓኮ

የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳው የራያ ጎብዬው ጎሚስታ ታሂር ለአንዲት ቀጭን ሲጋራ እጁን ከሰጠ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ለመተው ማስቲካውንም የሱፍ ፍሬውንም ሞክሯል። ረመዷን ቀኑን ሙሉ እንደ ጀግና ይውልና መግሪብ ሲባል ከቴምሩ በፊት ክብሪት ይፈልጋል። በራሱ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው፤ የልጁ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ፈሪሀ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሻርፗ ፖም ፖም ሸተተ። ታሂር ፖም የሚያውቀው በጭነት መኪና ሲያልፍ ብቻ ነበርና "ማን ገዛልሽ?" ብሎ ደስ አለው። መንገድ ዳር በተከፈተው ሺሻ ቤት ፖም ፖም የሚሸት ሺሻ እንደምታጨስ የነገረችው ጎረቤቱ ናት።

"እሱ እኮ ፍሬ ነው አባ፤ ትምባሆማ ያንተ ነው" አለችው ልጁ፣ ሳታፍር።

የሺሻ ቤቱን ባለቤት ይርጋን ሊጣላው ሄደ። ይርጋ ግን ወንበር ሳበለት። "ታሂሬ፣ አንተም በዚህ ጀምርና ከሲጋራው ተገላገል። ስንቱ ተወ መሰለህ!"

ታሂር ለአፍታ ልቡ ከጅሏል፤ ይህን አልክድለትም። ዙሪያውን ሲያይ ግን የተቀመጡት ሁሉ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ልጆች ናቸው። ምኑን ነው የሚተውት?

በራያ ነገር ሲከር መፍትሔው ሽማግሌ ነው። ታሂር ልጁን ይዞ ስንት ደመኛ ወዳስታረቁት ሸህ ሙሀመድሰይድ ሄደ። "አባቴ፣ ሁለተኛ ሺሻ ቤት እንዳትደርስ ያስምሉልኝ።"

ሸሁ ሁልጊዜ ከሚያስታርቁበት ሾላ ሥር እንደተቀመጡ አዩት። "መጀመሪያ መሣሪያህን አስቀምጥ።"

ደንብ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ለእርቅ አይቀመጥም። "ወላሂ ምንም አልያዝኩም!" አለ ታሂር።

ሸሁ በከዘራቸው የደረት ኪሱን ነካ አደረጉት። ሲጋራው ነበር።

ታሂር አሥራ አንድ ፍሬ የቀረበትን ፓኮ አውጥቶ መሬት አስቀመጠ። ፈሪሀ ይህን አይታ ማንም ሳይጠይቃት "እኔም አልደርስም" አለች።

"የናንተ የአባትና ልጅ እርቅ ዛሬ አያልቅም፤ ለጁምዓ ኑ" አሉ ሸሁ። እርቅ ሳያልቅ ደግሞ መሣሪያ አይነሳም።

በጁምዓውም አላለቀም አሉ። በሚቀጥለውም። ሰባት ዓመት ሙሉ! ታሂር ከደንበኛ ጋር ተጣላ፣ እንቅልፍ አጣ፤ ደንቡን ግን አልሰበረም። ፈሪሀም ይርጋ ቤት ዝር አላለችም። ማስቲካና ሱፍ ያቃታቸውን የአንድ ሽማግሌ ቀጠሮ ቻለው። ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ሸሁ በሞቱ በሳምንቱ ባለቤታቸው ኡሙሰልማ ታሂርን አስጠሩት። "የሰው አደራ ነው፤ ውሰድ ልጄ" ብለው አንድ ጨርቅ ፈቱ። ፓኮው አለ፤ አሥራ አንዱም አሉ። ከጎኑ ግን የተጨማደደች የቆዳ ከረጢት ነበረች፤ ውስጧ የደቀቀ ትምባሆ።

"ይቺስ የማን ናት?"

"የሱ የራሱ ናት። ሊያገባኝ ሲመጣ አባቴ 'መጀመሪያ መሣሪያህን አስቀምጥ' ብሎት ፊቱ ያስቀመጣት ናት። አባቴ እርቁን ሳይጨርስ ሞተ። እሱም ይኸው ሃምሳ ዓመት ሳያነሳት ሄደ።"

ታሂር ፓኮውን መልሶ ከከረጢቷ ጎን አስቀመጠና ጨርቁን በገዛ እጁ ቋጠረው።

"የኔም እርቅ አላለቀም፣ እናቴ" አለ።