የአባባ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ቀን

ሰው በባጃጅ ወደ ሥራ ሲሄድ የኳስ ተጫዋቾች ዝውውር ያነባል፤ እኔ በነፃ የሚገኘውን የኮምፒውተር ማስኬጃ፣ የሊኑክስን ዜና አነባለሁ። አዲስ ቨርዥን ወጣ፣ የትኛው ፕሮግራም ታደሰ፣ የቱ የስክሪን ገጽታ ለአሮጌ ማሽን ይቀላል፤ ከሰፈሬ ከሳቢያን ተነስቼ ቢሮ እስክደርስ የሚያመልጠኝ ወሬ የለም። ደብዳቤና ፋይል የማደራጅ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ሴት ነኝ እንጂ ኮምፒውተር አልተማርኩም። ነገሩን የጀመርኩት በንዴት ነው። ቤታችን ያለው ላፕቶፕ በድሬ ሙቀት እየጋለ፣ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምልክቱ ፔንግዊን የሚባለው ወፍ የሆነውን ሊኑክስን በፍላሽ ሰጠኝና ጫንኩት። ያ ሊጣል የነበረ ማሽን ተነስቶ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ እኔን ዝም የሚያሰኘኝ ጠፋ። አንዴ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ አውርቼበታለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ለሰው የምሰጠው ምክር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ የናንተ ነው፤ ሶፋችሁን ወደምትፈልጉት ጥግ እንደምታዞሩት እሱንም እንደ ልባችሁ አሰናዱት።

ሁለተኛውን ምክር ከሁሉ አብልጦ የሰማኝ አባቴ ነው። አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጣቢያ ተቀምጦ የባቡር መግቢያና መውጫ ሲመዘግብ ስለኖረ፣ ዛሬም ቀጠሮ ካለው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርስና የሚመጣውን ሰው ይታዘበዋል። ጠዋት ጠዋት በላፕቶፑ ዜና ያነባል፣ ካርታ ይጫወታል። ፊደሉን አተለቅኩለት፤ ከጀርባ የአሮጌ ባቡር ፎቶ አደረግኩለት፤ ፓስወርዱንም በትልልቁ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። «አባባ፣ የዚህ ማሽን ባለቤት አንተ ነህ፤ ደስ እንዳለህ አድርገው» አልኩት። እኛ ድሬዎች አባትንም አንተ ነው የምንለው። አንቱ ብለው ምን አጠፋሁ ብሎ የሚደነግጥ ይመስለኛል።

አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው፤ ሰዓቱ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ስምንት ይላል። ዓመተ ምሕረቱም የኛ አይደለም። የሰው አገር ሰዓት ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል እያለ ያጉረመርማል፤ እኔም አስተካክልልሃለሁ እያልኩ ስንት ሳምንት ረሳሁት።

ልጄ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሕንድ ሄዳ በነፃ ለመማር ልታመለክት ነበር። ስታልመው የኖረችው ነገር ነው። የጎደላት የአስተማሪዋ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሱም የደረሳት ማመልከቻው በሚዘጋበት በመጨረሻው ቀን ረፋዱ ላይ ነው። የሚዘጋው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ወሩ ግንቦት ነበር። በግንቦት ድሬ ቀትር ላይ ማን ይነቃል? ቢሮው፣ ሱቁ፣ ኢንተርኔት ቤቱ ሁሉ ይዘጋና ከተማው እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል። እኔም ለምሳ ቤት ገብቼ ነበር። አባቴ ሽርጡን አገልድሞ ሳሎን ፍራሽ ላይ፣ ፋኑ ሥር ተኝቷል። ልጄ ላፕቶፑን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ የማመልከቻውን ገጽ ስትከፍት እምቢ አላት። ደጋግማ ሞከረች፤ እምቢ። በስልኳ ስትሞክረው ገጹ ይከፈታል፤ ግን ደብዳቤዎቹን የምታያይዝበት ቦታ በስልክ አልሠራ አለ።

እኔ እያለሁ ምን ችግር አለ ብዬ ተቀመጥኩ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ። በራሴ ስልክ አገናኘሁት። ቴርሚናል ከፍቼ የማውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ጻፍኩ፤ አፕዴቱም ጭምር አኮረፈ። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር በንዴት እዘጋዋለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ላብ ከላዬ ይወርዳል። ለምን እስከ ዛሬ ጠበቅሽ ብዬ ልጄ ላይ ጮህኩ፤ ጥፋት እንደሌለባት እያወቅኩ።

ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እማ፣ ሰው ቤት ያለ ኮምፒውተር እኮ ይሠራል። ያንቺ ፔንግዊን ነው ጉድ የሠራኝ» አለች።

እውነቷን መሰለኝ። ለስንት ሰው የሰበክሁት ነገር ልጄን ሊያስቀራት ነው።

በጩኸታችን አባቴ ነቃ። መነጽሩን ፈልጎ አደረገና መጥቶ ስክሪኑ ፊት ጎንበስ አለ። አባባ ቆይ፣ ጊዜ የለንም ብለው አልሰማኝም። ጣቢያ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ፣ በፈረንጅ አፍም ቢሆን፣ እስከ ማኅተሙ ድረስ ይነበባል ብሎ ያደገ ሰው ነው። ከትልቁ ፊደል ሥር ያለውን ትንንሹን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ፣ ቃል በቃል፣ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ በቁጣ አየኝ።

«የኮምፒውተርሽ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። አቦ ይዋሻል! ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ ያስተካከልኩት።»

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ቀኑም ልክ ነው። ዓመቱም የኛው ዓመት ነው። ወሩንማ ግንቦት ዘጠነኛ ወር አይደል ብሎ ዘጠኝ ላይ አድርጎታል፤ ማሽኑ ደግሞ ዘጠኝን ሴፕቴምበር ብሎ ተቀብሏል። «በራሱ ይስተካከል» የሚለውን ቁልፍ አጥፍቶ፣ እኔ የጻፍኩለትን ፓስወርድ አስገብቶ፣ ዕድሜ ልኩን እንደሠራው በጥንቃቄ ነው የሠራው። ከዚያ ካርታውን ሲጫወት አርፍዶ ተኝቷል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ሁሉ የተሰጠበት ቀን ያለው መታወቂያ አለው። ማሽናችን ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ስለተቀመጠ፣ መታወቂያው ሁሉ ገና ያልተሰጠ ሆኖበት እንደ በር ዘበኛ አላስገባም አለ። ዘበኛው ትክክል ነበር።

ቁልፉን መልሼ አበራሁት። ገጹ ተከፈተ። ልጄ ደብዳቤዎቹን አያያዘች፤ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣላት። ተቃቅፈን ዘለልን። ጎረቤት በሙቀት ያበድን ሳይመስለው አልቀረም።

አባቴ ግን አልሳቀም። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሽርጡን ያስተካክላል።

«ልጅቷን ከባቡር ላስቀራት ነበር» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከባቡር እንዳይቀር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይህን ሲል አንጀቴን በላው። አጠገቡ ተቀምጬ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። ባለቤቱ አንተ ነህ ያልኩት እኔ፣ አስተካክልልሃለሁ ብዬ የረሳሁት እኔ፣ መልእክቱን ሳላነብ የምዘጋው እኔ። እሱ ባያነብልን ኖሮ እስከ ማታ ማሽኑን ስሰድብ እውል ነበር። ልጄ ደግሞ ሄዳ ጉንጩን ሳመችው።

ትንሽ ቆይቶ በጣቢያው ዘመን ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዞ ይሠራ እንደነበር አጫወተን፤ ለባቡሩ የፈረንጁ፣ ለመንገደኛው የኛው። አንድ ቀን እንኳ አላምታታቸውም። በማሽኑም ላይ እንደዚያው ባደርግለትስ ብዬ አሰብኩ። በዚያው ሳምንት አደረግኩለት። የማሽኑን የራሱን ሰዓት ሳልነካ አጠገቡ ሁለተኛ ሰዓት ጨመርኩ። ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር የደቡብ አሜሪካ ከተማ መርጬ፣ ስሙን አጥፍቼ «ድሬ» ብዬ ጻፍኩበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ይላል። የግድግዳ ካላንደራችንንም በስልክ አንስቼ በባቡሩ ፎቶ ጎን ለጠፍኩለት፤ ወር በገባ ቁጥር እቀይረዋለሁ። አባቴ የእጅ ሰዓቱን እያየ ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጣጠረውና አለፈ አለኝ።

ልጄ ዕድሉን አግኝታ ሄደች። ከሄደች በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ጥጉ ላይ ሦስት ሰዓት ተደርድሯል። ሦስተኛው ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። ከሥሩ «ልጅቷ» ተብሎ ተጽፏል።

ማን ነካው ብዬ ጠየቅኩ።

«ባለቤቱ» አለኝ አባቴ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ። «አሁን ከክፍል ወጥታለች። ደውዪላት።»